አንዲት ድምፅ ብቻዋን ምን ትላለች?

ለሰሜን ጎንደር ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ
ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ እና ለደባርቅ ዩኒቨርሲቲ
ለመሰንቆ፣ ለክራር፣ ለዋሽንትና ለበገና ባለሙያዎች፣ ለሙዚቃ አቀናባሪዎችም ባላችሁበት ሁሉ

ጉዳዩ፦ የባህል ሙዚቃ መሣሪያዎቻችን ድምፅ ለማንም በነፃ የሚገኝበት ጎተራ እንዲሠራ ስለመጠየቅ



ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከዛሪማ ነው። ከደባርቅ ተነስቶ ሊማሊሞን የወረደ መንገደኛ ሁሉ ያውቃታል፤ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የነበረው ሰው እዚህ ሲደርስ ሹራቡን አውልቆ ቀዝቃዛ ውሃ ይጠይቃል። እኔ አስተማሪ ነኝ። ማታ ማታ ደግሞ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕና በአንዲት አጭር ኪቦርድ አቀናብራለሁ፤ የተማሪዎችን የበዓል ዝማሬ፣ የሰፈር ሠርግ ዘፈን፣ የሚኒ ሚዲያ ማጀቢያ።

የአንድ ባልንጀራዬ ታናሽ ወንድም ሊያገባ ሆነና የሙሽራ ዘፈን ሥራልን ተባልኩ። መሰንቆ የግድ ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ሠርግ የሚሠሩት መሰንቆ መቺዎች ሁሉ ጎንደር ወጥተው ስለነበር ኪቦርዱን መፈተሽ ያዝኩ። የሕንድ ሲታር አለ። የጃፓን ኮቶና ሻሚሰን አለ። ባንጆ አለ፣ ባግፓይፕ አለ። መሰንቆ የለም። ክራርም፣ በገናም፣ የእረኛው ዋሽንትም የለም።

ጉድለቱ የእኔ ኪቦርድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 የኤሌክትሮኒክስ ሙዚቃ መሣሪያ ሠሪዎች ጄኔራል ሚዲ በሚባል አንድ ዝርዝር ተስማሙ። 128 ድምፆች ተራ ቁጥር ተሰጣቸው። ከ105 እስከ 112 ያሉት ስምንት ቁጥሮች ለየአገሩ ባህላዊ መሣሪያ ተመደቡ፤ ከስምንቱ ውስጥ ካሊምባ ብቻ በአፍሪካ መሣሪያነቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ የተሠራ አብዛኛው ኪቦርድ ያንን ዝርዝር ተሸክሞ ይወጣል። ዝርዝሩን ያወጡት ሰዎች የሚያውቁትን ጻፉ፤ ክፋት አላይባቸውም። የእኛን ግን እኛም አልጻፍነውም።

በመጨረሻ ቫዮሊን የመሰለውን ድምፅ መርጬ መሰንቆ ነው ብዬ አስገባሁት። ሠርጉ ላይ ሲከፈት እናቶች እልል አሉ፣ ጎረምሳው እስክስታ ወረደ። አንድ ሽማግሌ ግን በሩ አጠገብ ተቀምጠው ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መሰንቆ ሲመቱ የኖሩ፣ አሁን ጉልበታቸው ደክሞ ሠርግ መሥራት የተዉ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። በማግስቱ ቤታቸው ሄጄ ምን እንዳስከፋቸው ጠየቅሁ። «ልጄ፣ ያ ነገር ከጣት ወደ ጣት አይሄድም፤ ይዘላል» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ አላስተኛኝም። ምን እንደምጠይቃችሁ ግልጽ እንዲሆን ሥራውን ላስረዳ።

በስቱዲዮ ሰዎች አፍ ሳምፕል ይባላል። የሚቀረጸው ዘፈን አይደለም፤ የመሣሪያው ድምፅ አንድ በአንድ ነው። ክራርን እንውሰድ። ስድስት ክር ያላትን ክራር ብንይዝ፣ እያንዳንዱ ክር ከለሆሳስ እስከ ሙሉ ጉልበት በአራት ኃይል ይመታል። በየኃይሉ ደግሞ አራት አራት ጊዜ ይደገማል፤ አንዱ ቅጂ ብቻ ሲመላለስ ጆሮ ማሽን መሆኑን ወዲያው ይነቃበታል። ስድስት በአራት፣ እንደገና በአራት፣ 96 ቅጂ ይሆናል። እያንዳንዱ ድምፅ ሟሽሾ እስኪጠፋ 8 ሰከንድ ቢፈጅ፣ በሰከንድ 48,000 ጊዜ እየለካ በ24 ቢት በሚቀርጽ መሣሪያ ድምሩ 110 ሜጋባይት ገደማ ነው። አንዲት ክራር በትንሽ ፍላሽ ጥግ ላይ ትቀመጣለች። ከዚያ ቅጂዎቹ በኪቦርዱ ቁልፎች ላይ ይደለደላሉ፤ ድልድሉ ኤስኤፍዜድ በሚባል ዓይነት ተራ የጽሑፍ ፋይል ሊሠራ ይችላል፤ የሚከፍተው ነፃ ፕሮግራምም አለ። ትዕግሥት ላለው የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ሥራው አይከብደውም። ይህን የምለው አሠርቼ ስላየሁት ነው።

መሰንቆ ግን ሌላ ነገር ናት።

ጋሼን ለመቅረጽ ሦስት ሌሊት ፈጀብን። ቀን አይሞከርም፤ ባጃጁ፣ የወፍጮ ቤቱ ሞተር፣ የከባድ መኪናው ፍሬን ፋታ አይሰጡም። ከምሽቱ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ቁጭ አልን። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድነው። ማራገቢያው ይጮኻልና አጠፋነው፤ የዛሪማ ሙቀት ቤቱን ሞላው። ጋሼ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈትተው መሰንቋቸውን ጭናቸው ላይ አስደገፉ። የደጋኑን ጭራ በሙጫ አሹት፣ በአውራ ጣታቸው ዳበስ አድርገው ሞከሩት፣ እንደገና አሹት። እኔ በጆሮዬ ማዳመጫ ውስጥ የላባቸውን ጠብታ ቆዳው ላይ ሲያርፍ ሰማሁት።

«በሉ ጋሼ፣ የመጀመሪያዋን ጣት ብቻ። ሳይንሸራተት።»

መቱ። ጣታቸው ተንሸራተተ። ደገሙት፤ እንደገና ተንሸራተተ። በአራተኛው ደጋኑን አስቀመጡና ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«አንዲት ድምፅ ብቻዋን ምን ትላለች? ቃል እኮ አይደለችም። ፊደል ናት።»

«ፊደሏን ነው የምፈልገው ጋሼ» አልኳቸው። ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ያለ አንዳች መንቀጥቀጥ፣ እንደ ተወጠረ ገመድ የቀናች አንዲት ድምፅ አወጡልኝ። ሁለተኛዋን ጣት፣ ሦስተኛዋን፣ አራተኛዋን፣ ባዶውን ክር። ሁሉንም ከጨረስን በኋላ ተነሱ ስላቸው እምቢ አሉ። «አሁን ደግሞ መንገዱን ቅረጽ» አሉኝ። ከባዶው ክር ወደ መጀመሪያዋ ጣት የሚወስደውን፣ ከመጀመሪያዋ ወደ ሦስተኛዋ፣ ከአራተኛዋ ወደ ሁለተኛዋ ቁልቁል። መሰንቆ እንደ ጊታር ጣት የሚያርፍበት ሰሌዳ የላትም፤ ጣት በአየር ላይ ያለውን ጭራ በጎኑ ይነካዋል እንጂ እንጨት ላይ አይጫነውም። ስለዚህ ከድምፅ ወደ ድምፅ ያለው ጉዞ ራሱ ሙዚቃው ነው። አምስት ማረፊያ ካለ፣ ከእያንዳንዱ ወደ አራቱ ሲኬድ 20 መንገድ ይሆናል። በቀስታ፣ በመካከለኛና በፍጥነት 60። ትልልቆቹ የውጭ ስቱዲዮዎች ለቫዮሊን የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ጋሼ ግን ከማንም ሳይሰሙ፣ ከእጃቸው ነው ያወቁት። እኔ ብቻዬን ብሆን ኖሮ አምስቱን ድምፅ ይዤ ሄጄ፣ የሚዘልል መሰንቆ ሠርቼ ነበር።

ለዩኒቨርሲቲዎቹ ከዚህ የምለው አንድ ነገር አለኝ። ይህን ሥራ ስትጀምሩ ባለሙያውን «ተቀራጭ» አድርጋችሁ አትጥሩት። ምን መቀረጽ እንዳለበት የሚያውቀው እሱ ነው።

ሌላም ነገር ተማርኩ። የጋሼ መሰንቆ ደባርቅ ስትወጣ ሌላ ናት። እዚህ በቆላው የቆዳዋ ፊት ደርቆ ይወጠራል፤ ድምፅዋ ሹል ነው። ሊማሊሞን ስትወጣ ጉሙና ብርዱ ቆዳውን ያላላዋል፤ ከመመታቷ በፊት እሳት ዳር ትሞቃለች። ስለዚህ በጎተራው ውስጥ «መሰንቆ» ብሎ አንድ ፋይል ማስቀመጥ አይበቃም። የት፣ በየትኛው ወር፣ በስንት ሰዓት፣ በማን እጅ እንደተቀረጸች አብሮ ይጻፍ። የዛሪማዋ፣ የጃናሞራዋ፣ የበየዳዋ፣ የጠለምቷ ለየብቻ ይቀመጡ።

ስለ ቅኝቱም አቋሜን ልንገራችሁ። ክራር የሚቃኘው በዘፋኙ ጉሮሮ ልክ ነው፤ ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አንቺሆዬም ሆነ አምባሰል፣ የክሮቹ ርቀት በፒያኖ ላይ እኩል እኩል ከተቆረጡት 12 ድምፆች ጋር በትክክል አይገጥምም። የኮምፒውተር ፕሮግራም «የተዛባውን» በአንድ ጠቅታ ያስተካክለዋል። እንዳታስተካክሉት እለምናለሁ። ካልተነካው ቅጂ የተስተካከለውን ነገ መሥራት ይቻላል፤ ከተስተካከለው ግን ያልተነካውን ማንም አይመልሰውም።

ለምን አሁን ትሉኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1770 ጀምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ከምጽዋ ተነስቶ፣ ይህንኑ የእኛን ሊማሊሞ ወጥቶ ጎንደር ገባ። አገሩ ከተመለሰ በኋላ ስለ ሙዚቃ መሣሪያዎቻችን ለታሪክ ጸሐፊው ለቻርልስ በርኒ ደብዳቤ ጻፈለት፤ በርኒም እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው የሙዚቃ ታሪክ ውስጥ አስገባው። ነጋሪቱ፣ መለከቱ፣ ከበሮው፣ ጸናጽሉ፣ ዋሽንቱ፣ ባለ ክሩ መሣሪያ ሁሉ እዚያ ተገልጸዋል። ከደብዳቤው ስለ መሣሪያዎቹ ማንበብ እንችላለን። በፋሲል ግቢ ነጋሪት ሲጎሰም ግንቡ ምን ብሎ እንደመለሰለት ግን አንሰማም። ብሩስ መቅረጫ አልነበረውም፤ ሰበብ አለው። በ1900 ዓ.ም ገደማ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በርሊን ላይ በሸክላ ተቀረጹ፤ እነሆ ድምፃቸው ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ደረሰን። ዛሬ የብሩስ ሰበብ ማናችንም የለንም፤ በየኪሳችን መቅረጫ አለ።

ከዚያ በኋላም እንግሊዝ አገር ትሠራ የነበረችው ጂን ጄንኪንስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አገራችን መጥታ ቀርጻለች፤ ጃፓናዊው ኢትሱሺ ካዋሴ የጎንደርን አዝማሪ ልጆች በፊልም አስቀርቷል። ሁለቱንም አመሰግናለሁ። የቀረጹት ግን ዘፈኑን ነው፤ ዘፈን ይደመጣል፣ በሱ ሌላ ዘፈን አይሠራም። ጋሼ ፊደል ያሏትን አልቀረጹም።

ለምን አሁን ለሚለው ሌላም መልስ አለኝ፤ በ2013 ዓ.ም ክረምት ጦርነት በዚህ መንገድ አለፈ። ሰው ልጁን አዝሎ ሲወጣ መሰንቆ የሚያነሳ እጅ አልተረፈውም። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ይህ ሥራ የትም ያልተሞከረ አይደለም። በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የኦርኬስትራ መሣሪያዎችን ድምፅ አንድ በአንድ እየቀረጸ ማንም በነፃ እንዲወስድ አድርጓል። ባርሴሎና በሚገኘው በፖምፔው ፋብራ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው ፍሪሳውንድ ከየዓለሙ ሰው የቀረጸውን ድምፅ የሚያዋጣበት ሆኗል። ቨርሲሊያን የሚባለው ስቱዲዮም እንዲሁ ማንም የሚያዋጣበት፣ ማንም የሚወስድበት የመሣሪያ ድምፅ ስብስብ ያስተባብራል። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱን የጀመሩት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። የእኛም ዩኒቨርሲቲዎች ይችላሉ።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ፤ «በነፃ» የሚለው ቃል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ እረኛን ዋሽንት በስልኬ ቀርጬ ነበር። አንድ ስቱዲዮ ለሥራ ፈልገነው ነው ሲለኝ በደስታ ሰጠሁ። ወራት ቆይቶ ያችው ዋሽንት በአንድ ማስታወቂያ ሥር ስትጮህ ሰማኋት። ልጁም ገበያ ወጥቶ ሰምቷታል። «መምህር፣ ያ የእኔ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ስሙ የትም አልተጠራም፤ የቡና መጠጫ እንኳ አልደረሰውም። በእጄ አንድ ወረቀት አልነበረኝም። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ሳላስፈርም፣ ሳላስረዳ ሰጥቻለሁና።

ታዲያ እንዲህ የተበደለ ሰው እንዴት በነፃ ይሰጥ ይላል? ያ ልጅ የተዘረፈው ድምፁ ክፍት ስለነበረ አይደለም፤ በጓዳ፣ ያለ ስምና ያለ ውል ስለወጣ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙም ለቀራጩም መብት ሰጥቷል፤ ያንን መብት ይዞ፣ አውቆና ፈርሞ ለሕዝብ መልቀቅ ከመዘረፍ ጋር አንድ አይደለም። ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚባሉት ፈቃዶች ለዚህ የተዘጋጁ ናቸው። አንደኛው ዓይነት ሁሉንም መብት ይለቃል። ሌላው ተጠቀምበት፣ ሽጠውም፣ ግን የባለሙያውን ስም ጥራ ይላል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በጎንደር አጠገብ እንደ ቡርቧክስ ባሉ የአዝማሪ መንደሮች ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ነው፤ ሆኖም «አዝማሪ» የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ የኖረበትም አገር ነው። ድምፁን ወስደን ስሙን ብንተው ያንኑ ስድብ መድገም ይሆናል።

ንግድ ይከልከል የሚሉም አሉ። አልስማማም። በሠርግ ሙዚቃ ልጆቹን የሚያሳድገው የዳባት ኪቦርድ ተጫዋች ነጋዴ ነው እንበል? ጎተራው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ለሱ ነው። ይልቅስ ባለሙያው በኋላ የሚመጣ ገንዘብ ስለማይኖረው ክፍያው በቅድሚያ ይሁን፤ ቀኑን ሙሉ ለተቀረጸ ሰው የአንድ ሠርግ ዋጋ ይከፈለው። የልመና አበል አይሁን።

ስለ ቤተ ክርስቲያን መሣሪያዎች ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጎንደር የአቋቋም አገር ናት፤ በአታ ለማርያም የአቋቋም ምስክር ናት። ከበሮውና ጸናጽሉ ከማኅሌቱ ተነጥለው በማንኛውም ዘፈን ውስጥ ቢገቡ የሚያዝን ብዙ ምእመን አለ፤ ሐዘኑም ተገቢ ነው። በገናም ዐሥር ክሮቿ ለጸሎት የሚደረደሩ ናቸው። መምህራኑ ሳይመክሩበት አንድም ቅጂ አይውጣ። ይሁን ካሉ በሚሉት አገባብ ይሁን፤ አይሁን ካሉም ለትምህርት ብቻ በዩኒቨርሲቲው ይቀመጥ። ለእኔ እነሱ ያሉት ነው።

ከእናንተ የምለምነው ብዙ አይደለም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፋይሉ የሚቀመጥበት ቦታና በአማርኛ የተጻፈ፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ተነቦ የሚፈረም አንድ ገጽ ውል ያዘጋጅልን። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ጥሩ መቅረጫ ሁለት፣ ማይክሮፎን አራት ገዝቶ በየወረዳው ለሚዞሩ ተማሪዎች ያውስ። መምሪያው በየወረዳው ባሉት ባለሙያዎቹ በኩል ማን የት እንዳለ ይለይልን፤ በተለይ እምቢልታ ነፊዎችን። እምቢልታ አንድ ሰው አይነፋውም፤ ሦስት ሰው፣ ሦስት እምቢልታ፣ እየተቀባበሉ ነው ዜማው የሚሞላው። ከሦስቱ አንዱ ከሞተ የተረፉት ሁለቱ ዝም ይላሉ። እነሱ ቅድሚያ ይሰጣቸው።

ኔትወርክ በሚጠፋበት አገር ጎተራው ኢንተርኔት ላይ ብቻ አይቀመጥ። በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ አንድ አንድ ፍላሽ ይድረስ፤ ልጆች ከፍላሽ ወደ ስልክ ያስተላልፉታል፣ ያንን ማንም አያስተምራቸውም። ውጭ አገር ያላችሁ የስሜን ልጆች፣ ከፕሮግራም ሥራ ጋር የምትውሉ፣ ድልድሉን በመሥራት አግዙን። ክራር ይዛችሁ የተሰደዳችሁም ክራራችሁን ቀርጻችሁ ላኩ፤ የት አገር እንደተቃኘች ጻፉበት።

ጊዜውን በተመለከተ፦ ከጥምቀት በኋላ የሠርግ ወራት ነው፤ መሰንቆ መቺ በቤቱ አይገኝም። በጾመ ነቢያት፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ድረስ ግን ሠርግ የለም። ዝናቡም ወጥቷል፣ ቆዳው ደርቋል፣ ባለሙያው እቤቱ ነው። መሰንቆና ክራር ያኔ ይቀረጹ። በገና ደርዳሪዎችን መምህራኑ ከፈቀዱ ከዐቢይ ጾም አስቀድሞ እናነጋግራቸው፤ በጾሙ ውስጥ ሥራ ይበዛባቸዋል።

እኔ በበኩሌ የጋሼን አምስት ድምፆችና 60 መንገዶች፣ የአንዲት ክራር 96 ቅጂዎችም አሉኝ። ውሉ ተዘጋጅቶ ጋሼ እስኪፈርሙ ድረስ ለማንም አልሰጥም። ሲፈርሙ በፍላሽ ይዤ ደባርቅ እመጣለሁ። ጋሼም መምጣት ይፈልጋሉ፤ መሰንቋቸውን እሳት ዳር የምናሞቅበት ቦታ ብቻ አዘጋጁልን።

ከአክብሮት ጋር
ከዛሪማ፣ አንድ መምህር